የአባቴን ፊኒክስ ልሽጠው? ስለ ብረትና ስለ ካርቦን ብስክሌት ለቀረበ ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄው ይህ ነበር፦ «የምኖረው ባህር ዳር ነው። ቤታችን የአባቴ 28 ቁጥር ፊኒክስ ብስክሌት ቆሟል። አሜሪካ ያለችው እህቴ ለገና ስትመጣ ያገለገለ የካርቦን ኮርስ ብስክሌት ላምጣልህ ብላኛለች፤ 8 ኪሎ ብቻ ነው ትላለች። አባቴ ግን የድሮ ብረትን የሚያህል የለም፣ ካርቦን እንደ ብርጭቆ ነው የሚሰበረው ይላል። ሥራ ቦታዬ 6 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ረጅም መንገድ መንዳት እፈልጋለሁ። ማን ነው ልክ? ፊኒክሱን ልሽጠው?»

ወንድሜ፣ መልሱን አስቀድሜ ልስጥህና ምክንያቱን ቀስ ብዬ እመጣበታለሁ። ፊኒክሱን አትሽጠው። የእህትህንም ስጦታ እምቢ አትበል፤ ግን ከመነሳቷ በፊት የምትጠይቃት ነገር አለ። አባትህም እህትህም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል።

ብስክሌት ስጠግን 26 ዓመት ሆኖኛል። ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ሳይነሳ አይቀርም። ሰው የሚሳሳተውም ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ነው። ብረትንና ካርቦንን (በሙጫ የተያያዘ የካርቦን ክር ነው) እያወዳደረ ይመስለዋል። የሚያወዳድረው ግን የጭነት ብስክሌትንና የእሽቅድምድም ብስክሌትን ነው። አይሱዙን ከቪትዝ ጋር አቁሞ «የትኛው ቆርቆሮ ይሻላል?» እንደማለት ነው።

ፊኒክስህ 20 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ብረት ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሻንጋይ የሚሠራው ይህ ብስክሌት መልኩን የወረሰው ከድሮዎቹ የእንግሊዝ ብስክሌቶች ነው፤ እንደ ኖቲንግሃሙ ራሌይ ካሉት። የተሠራው ሰውም ጭነትም ተሸክሞ በመጥፎ መንገድ ዓመታት እንዲሄድ ነው። ቱቦው ተራ ብረት ስለሆነ እንዲጠነክር ወፍራም ተደርጓል። ከዚያ ደግሞ ቸርኬው ብረት፣ መሪው ብረት፣ የፍሬኑ ዘንግ ብረት፣ የዕቃ መጫኛው ብረት ነው። መቀመጫው ሥር ያሉትን ሞላዎች አትርሳ። ሁሉንም ፈታተህ ብትመዝን አብዛኛው ክብደት ከፍሬሙ ውጭ ነው።

ሌላ ዓይነት ብረት ደግሞ አለ። እንግሊዞች በ1935 እ.ኤ.አ. ሬይኖልድስ 531 የሚባል ቱቦ ገበያ ላይ አወጡ። ማንጋኒዝና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት ብረት ነው። ቱቦው የሚጋጠምበት ጫፉ ብዙ ጊዜ 0.8 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ መሐሉ ላይ ግን 0.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አምስት የደብተር ወረቀት ደራርበህ ያዝ፤ ያንን ያህል ነው። በእንዲህ ዓይነት ቱቦ የተሠራ ኮርስ ብስክሌት ከነሙሉ ዕቃው 10 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እስከ 1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ትልልቆቹን ውድድሮች ያሸነፉት ሰዎች የነዱት በአብዛኛው ብረት ነው። የኢትዮጵያ ብስክሌተኞች በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይ፣ አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት ኦሎምፒክ፣ ሲወዳደሩም መላው ዓለም የሚነዳው ብረት ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ውዱ ብረትና ተራው ብረት ግትርነታቸው አንድ ነው። ውዱ የሚበልጠው ሳይጎብጥና ሳይሰበር ብዙ ኃይል በመቻሉ ነው። ቱቦውን ማሳሳት የሚቻለው ለዚህ ነው። ገበያ ላይ ያረጀ የብረት ኮርስ ካጋጠመህ በጥፍርህ የቱቦውን መሐል ነካ አድርገው። ስስ ከሆነ እንደ ደወል ይጮሃል፤ ወፍራሙ ድም ብሎ ዝም ይላል። በእኔ ዓይን እንዲህ ዓይነቱ ብስክሌት ከብዙ አዳዲስ ርካሽ ብስክሌቶች ይሻላል።

አሁን ወደ ክብደቱ እንምጣ። አንተ 65 ኪሎ ነህ እንበል። 100 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት አለ። ጉልበትህ ሳይጨምር ሳይቀንስ 150 ዋት ይሁን፤ ለጤነኛ ወጣት የሚቻል ነው። የንፋሱንና የጎማውን ፍትጊያ ለጊዜው እንተወው። በ20 ኪሎው ፊኒክስ 9 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ይፈጅብሃል። በ8 ኪሎው ካርቦን 7 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ። ልዩነቱ 1 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ነው፤ ቀላል አይደለም። በ10 ኪሎ ተኩል የብረት ኮርስ ግን 8 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ይሆናል። ከካርቦኑ የሚዘገየው 17 ሰከንድ ብቻ ነው። በብረትና በካርቦን መካከል ያለው የክብደት ልዩነት ይህችው ናት። የቀረው በጭነት ብስክሌትና በኮርስ ብስክሌት መካከል ያለ ነው።

ዳገት ላይ ከክብደቱም የባሰ የሚጎዳህ ማርሹ ነው። የፊኒክስህን ጥርስ ቁጠር። ፊት 48፣ ኋላ 20 ከሆነ አንድ የፔዳል ዙር 5 ሜትር ከ30 ገደማ ይወስድሃል። የቤዛዊትን ዳገት በዚህ ስትወጣ እግርህ በደቂቃ 30 ምናምን ጊዜ ብቻ ነው የሚዞረው። ቆመህ፣ መሪውን እየጎተትክ፣ በሰውነትህ ሁሉ እየተጫንክ ማለት ነው። ጉልበትን የሚጨርሰው ይሄ ነው። እህትህ የምታመጣው ፊት 34፣ ኋላ 28 ጥርስ ካለው አንድ ዙር 2 ሜትር ተኩል ይወስድሃል። ተቀምጠህ በደቂቃ 80 ጊዜ እያዞርክ ትወጣለህ። ሰው ወርዶ «ካርቦን ግሩም ነገር ነው» ይላል። ያሳረፈው ግን በዋናነት ማርሹ ነው።

ሜዳ ላይ ነገሩ ይለወጣል፤ ባህር ዳር ደግሞ ሜዳ ነች። አንዴ ፍጥነት ከያዝክ በኋላ ክብደት ብዙም አያስቸግርህም። የሚታገልህ ንፋስ ነው። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ስትሄድ 12 ኪሎ መቀነስህ የሚያተርፍልህ በእኔ ስሌት 6 ዋት ገደማ ነው። እንደ ፊኒክስ ቀጥ ብለህ ከመቀመጥ ይልቅ እንደ ኮርስ ጎንበስ ማለት ግን 30 ዋት ሊያተርፍልህ ይችላል። አምስት እጥፍ ማለት ነው።

ይህን የሚያሳይ የታሪክ ምስክር አለ፤ በጣም የምወደው ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. ቤልጅጋዊው ኤዲ መርክስ ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ነዳ። ብስክሌቱ ጣሊያናዊው ኮልናጎ የሠራው የብረት ብስክሌት ነበር። 6 ኪሎ እንኳን አይሞላም ነበር፤ ልብ በል፣ ብረት ነው። ከዓመታት በኋላ እንግሊዛዊው ክሪስ ቦርድማን በ1996 እ.ኤ.አ. ማንችስተር ላይ በዘመናዊ ብስክሌት፣ እጆቹን ወደፊት ዘርግቶ እየነዳ፣ 56.375 ኪሎ ሜትር ሄደ። በ2000 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የብስክሌት ፌዴሬሽን «የሰዓት ሪከርድ የሚያዘው እንደ መርክስ ዓይነት ብስክሌት ተነድቶ ነው» አለ። ቦርድማንም ክብ ቱቦና የተጠማዘዘ መሪ ባለው ብስክሌት፣ በዚያው ማንችስተር፣ እንደገና ሞከረ። 49.441 ኪሎ ሜትር። መርክስን የበለጠው በ10 ሜትር ብቻ ነው። ያው ሰው፣ ያው ትራክ፣ ግን 7 ኪሎ ሜትር ጠፋ። ዕድሜውም በአራት ዓመት ጨምሯል፤ ቢሆንም 7 ኪሎ ሜትር በዕድሜ ብቻ አይጠፋም። የጠፋው ንፋሱን የሚሰነጥቅበት አቀማመጥ ነው።

ያው ፌዴሬሽን ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውድድር ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ እንዳያንስ ደንግጓል። ስለዚህ ፋብሪካዎቹ ብዙ ጥረታቸውን ወደ ንፋሱ አዞሩ። በ2016 እ.ኤ.አ. ፀጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ የብስክሌቱ ክብደት እንደተቀሩት ተወዳዳሪዎች ሁሉ በዚሁ ደንብ ሥር ነበር።

«ብረት ይመቻል» የሚለው የብዙ ሰው አባባል ደግሞ እንዲህ ነው። ምቾቱ እውነት ነው፤ የሚመጣው ግን ከብረቱ አይደለም። የብስክሌት ፍሬም ሦስት ማዕዘን ስለሆነ ወደ ላይና ወደ ታች ብዙም አይተጣጠፍም። ፊኒክሱን የሚያለሰልሰው 38 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ወፍራም ጎማው፣ ሞላ ያለው መቀመጫው፣ ወደፊት ዘመም ያለው ፎርኩና ረጅም ቁመናው ነው።

አንድ ደንበኛዬ ከውጭ የመጣለትን ካርቦን ብስክሌት ይዞ መጣ። «እጄ ይደነዝዛል፤ ኮብልስቶን ላይ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል፤ ልሽጠው ነው» አለኝ። ጎማውን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ድንጋይ ነው። 23 ሚሊ ሜትር ጎማ ውስጥ 120 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ሞልቶበታል። ፍሬሙ ሰፋ ያለ ጎማ ስለሚያስገባ 28 ሚሊ ሜትር አደረግንለትና 75 ላይ አቆምነው። ጓሮ ያለችውን ጠጠራማ መንገድ ዞሮ ተመለሰ። አልወረደም፤ እንደገና ዞረ። ዛሬም ይነዳዋል። ድሮ ተወዳዳሪዎች በ20ና በ23 ሚሊ ሜትር ይነዱ ነበር። አሁን 28 እና 30 ነው የሚጠቀሙት፤ አልዘገዩም፣ እንዲያውም ሻካራ መንገድ ላይ ፈጠኑ።

ካርቦን እንደ ብርጭቆ ይሰበራል? አይሰበርም፤ በተሠራበት አቅጣጫ ለሚመጣ ኃይል እጅግ ጠንካራ ነው። አባትህ ግን ያየው ነገር አለ። ብረት ከመሰበሩ በፊት ይናገራል። አንድ ዳቦ አመላላሽ ልጅ «ከፊት ይጮህብኛል» ብሎ ብስክሌቱን አመጣልኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲጮህበት ነበር። ከመሪው ሥር፣ ቱቦው የሚጋጠምበት ላይ የደረቀውን ጭቃ በጨርቅ ጠረግኩት። ቀለሙ ላይ እንደ ክር የቀጠነች የዝገት መስመር ታየች። ጥፍሬን ሳሳልፍባት ያዝ አደረገችኝ። ስንጥቅ ናት። በማግስቱ በያጅ በናስ አያያዘለት፣ ቀለም ቀባነው፣ ልጁ ወደ ሥራው ተመለሰ። ካርቦን እንዲህ ያለ ጊዜ ላይሰጥህ ይችላል። የውድቀት ምት ወይም ከመጠን በላይ የተጠበቀ ብሎን ውስጡን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ላዩ ግን ደህና ይመስላል። በያጅም አያድነውም። ካርቦን ይጠገናል፣ ግን በካርቦን ጨርቅና ኢፖክሲ በሚባል ሙጫ፣ ሥራውን በሚያውቅ ሰው እጅ ነው።

አሉሚኒየምን ጠቀስ ላድርገው፣ ምክንያቱም «ዘመናዊ ቀላል ብስክሌት» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው እሱ ነው። አይዝግም ሊባል ይችላል፤ ዋጋውም ይሻላል። ግን እንደ ብረት በትንሽ ትንሽ ጫና ዘላለም አይኖርም፤ ድካሙ ቀስ በቀስ ይጠራቀማል። ከባድ ጭነት ለሚያመላልስ ሰው አልመክረውም።

አሁን እህትህ ጋ ደውል። መጀመሪያ የፍሬሙን ቁመት ጠይቃት፤ ካልሆነህ ስለ ቀሪው ማውራት ዋጋ የለውም። ቀጥሎ ፍሬሙ እስከ ስንት ሚሊ ሜትር ጎማ እንደሚያስገባ ትጠይቅልህ። የቆዩት የካርቦን ኮርሶች ብዙዎቹ ከ25 በላይ አይቀበሉም። እንደዚያ ከሆነ ብስክሌቱ ለአስፋልት ብቻ ነው፤ ወደ ዘጌ በጠጠሩ ልሂድ አትበል። 28 እና ከዚያ በላይ ካስገባ ውሰድ።

ከዚያ አንድ ሳንቲም ይዛ ፍሬሙን በቀስታ ታንኳኳው። ከመሪው ጀምራ ቱቦውን ተከትላ ትውረድ። ደህናው ካርቦን ጥርት ያለ፣ ደረቅ ድምፅ ይሰጣል። የተጎዳው ቦታ ላይ ድምፁ እንደ ካርቶን ይታፈናል። ልታተኩርባቸው የሚገቡት መሪው ሲታጠፍ የላይኛውን ቱቦ የሚመታበት ቦታ፣ የፔዳሉ ሥር፣ የታችኛው ቱቦ ሆድና የመቀመጫው ማጥበቂያ ናቸው። ፎርኩን ማውጣት የሚችል ሰው ካገኘች ወደ ፍሬሙ የሚገባውን የፎርኩን ግንድም ይይላት፤ እዚያ ላይ ስንጥቅ ካለ ብስክሌቱ ይቅር። የመቀመጫው ዘንግ ወደ ላይና ወደ ታች መንቀሳቀሱንም ትፈትን። ሲጣበቅበት ካርቦኑን ሳይጎዱ ማውጣት መከራ ነው።

ሻንጣዋ ውስጥ ደግሞ አራት ነገር ትክተትልህ። አንደኛው የኋላ ማርሽ መቀየሪያው የሚንጠለጠልባት የአሉሚኒየም ቁራጭ ናት። የጣት ያህል ነች፤ ፍሬሙ እንዳይሰበር እሷ እንድትታጠፍ ተደርጋ የተሠራች። ለየፍሬሙ የተለያየች ስለሆነች ሌላ ብስክሌት ላይ ያለችው አትሆንልህም። ጠፍታ አራት ወር የቆመ ብስክሌት አይቻለሁ። ሁለት ታምጣ። ሁለተኛው ከሁለት እስከ አራት ካላማዳሪ ነው። ሦስተኛው የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ ቁልፍ ነው፤ ካርቦን ላይ ያሉ ብዙ ብሎኖች ከ5 ኒውተን ሜትር በላይ አይፈልጉም፣ በእጅ ግምት ደግሞ ሰው ሁሌ ያልፋል። አራተኛዋ በጣም ትንሽ ናት፦ የናስ የቫልቭ መቀየሪያ። የኮርስ ጎማ ቫልቭ ቀጭን ነው። ጎሚስታው ጋ ብትወስደው የመኪናው ቱቦ አይገጥምለትም። ይህችን ካሰርክበት በየትኛውም ጎሚስታ ታስነፋለህ። ከ10 ግራም አትበልጥም፤ ከቁልፍህ ጋር አንጠልጥላት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የኮርሱም ጎማ አንዳንዴ «28» ይባላል፤ የፊኒክስህም «28» ነው። ጎማቸው ግን አንድ አይደለም። ቸርኬው ላይ ጎማው የሚቀመጥበት ክብ ከዳር እስከ ዳር ሲለካ (ዲያሜትሩ) የኮርሱ 622 ሚሊ ሜትር፣ የፊኒክሱ 635 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ገበያ ስትሄድ «28 ስጠኝ» አትበል፤ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን አንብብ።

ፊኒክሱ ጋ እንመለስ። ለሥራ መንገድህ እሱን ንዳው፤ 6 ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይ ካርቦኑ ቢያስቀድምህ ጥቂት ደቂቃ ነው። ሱቅ በር ላይ ስታቆመው ልብህ አይሰቀልም፤ ዕቃም ይጭናል። ጎማው፣ ካላማዳሪው፣ ኩሽኔታው ከተማው ውስጥ አለ። ግን ዝም ብሎ የቆመ ብስክሌት ስለሆነ እንዲሁ አትነሳበት። ፔዳሉ ሥር ያለው ዘንግና ሁለቱም ጎማዎች መሐል ይፈቱ፣ የደረቀው ግራሶ ይጠረግ፣ አዲስ ይግባ። ሰንሰለቱ ከዛገ ቀይረው። «ፊኒክስ ከባድ ነው» ከሚለኝ ሰው አብዛኛው የሚገፋው የደረቀ ኩሽኔታና ግማሽ የተነፈሰ ጎማ ነው። ከዚያ ብስክሌቱን ገልብጠህ በመቀመጫው ቱቦ በኩል ውሃ ወይም የዝገት ዱቄት ይወርድ እንደሆነ እይ። ብረትን የሚገድለው ከውስጥ የሚጀምር ዝገት ነው።

የፊኒክሱ እውነተኛ ድክመት ፍሬኑ ነው፤ ይህን ለአባትህም ንገረው። የብረት ቸርኬ ሲረጥብ የፍሬኑ ላስቲክ ይንሸራተትበታል። ክረምት ላይ፣ ባጃጅ ፊትህ ድንገት ሲቆም፣ ፍሬኑን ትይዛለህ፣ ብስክሌቱ ግን ይቀጥላል። ላስቲኮቹን አዲስ አድርግ፣ ቸርኬውን ከዘይትና ከጭቃ አጽዳ፣ ዘንጎቹን አስተካክል። ዝናብ ላይ ደግሞ ማቆም ከምትፈልግበት ቦታ ቀደም ብለህ ፍሬኑን ቀስ አድርገህ ያዘው፤ መጀመሪያ ውሃውን ይጠርጋል፣ ከዚያ ይነክሳል። የእህትህ ብስክሌት የዲስክ ፍሬን ካለው በዚህ በኩል ፊኒክሱ አጠገቡ አይደርስም። ወደ ጢስ አባይ ለመሄድ ያሰብክበት ቅዳሜ ሰማዩ ከጠቆረ፣ የጎማው ስፋት ከፈቀደልህ፣ የእህትህን ውሰድ።

እህትህ ፍሬሙን ካየችው በኋላ የፔዳሉን ሥርና የጎማውን መግቢያ ፎቶ አንስታ ትላክልህ። እነዚያን ሁለት ፎቶዎች እዚህ ላክልኝ፤ ስንት ሚሊ ሜትር ጎማ እንደሚገባ ቆጥሬ እነግርሃለሁ።